ፎቶ ላይ ፊልተር መጠቀም የፈጠራ ጥበብ ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ፎቶ ለሚያነሱ፣ በስልክም ሆነ በኮምፒውተር ኤዲት ለሚያደርጉ፣ ሥራቸውን ለኤግዚቢሽን ወይም ለውድድር ለማቅረብ ለሚያስቡ የተዘጋጀ ነው። ከኢትዮጵያ ሕጎች ቁጥር በስተቀር ዓመቶቹና አብረዋቸው የተጻፉት ወርና ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የቅንብር ቁጥሮቹ መነሻ ናቸው፤ ከብርሃኑና ከካሜራው ጋር ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላሉ።

ፊልተር የተጫነበት ፎቶ የፈጠራ ሥራ ሊባል ይችላል?

ይችላል። ፊልተር ስላለበት ብቻ የጥበብ ሥራ አይሆንም፤ ፊልተር ስላለበት ብቻም ከጥበብ አይወጣም። መጠየቅ ያለበት ውሳኔው የማን እንደሆነ ነው። ስልክ ላይ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ፊልተር የአንድ ባለሙያ ሥራ ነው። ጥላው ምን ያህል ይፍካ፣ ቀዩ ወደ ብርቱካን ይሂድ ወይስ ወደ ሐምራዊ፣ ጠርዙ ይጥቆር አይጥቆር ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ሰው አለ። አንድ ጊዜ ሲጫኑት የዚያን ሰው ውሳኔ ተቀበሉ ማለት ነው። ከ20 ፊልተር አንዱን መምረጥም ምርጫ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን የተሰፋ ልብስ ከሱቅ እንደመምረጥ ነው። ልብሱ ሊያምርብዎት ይችላል፤ ስፌቱ ግን የሰፊው ነው።

እኛ የምንጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። ፊልተሩን ያንሱትና ፎቶውን እንደገና ይዩት። ምን እንደጎደለ በቃል መናገር ይችላሉ? «ከበሩ በስተኋላ ያለው ጨለማ ሲገለጥ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ታየ፤ ሴትየዋ ብቻዋን መሆኗ ጠፋ» ማለት ከቻሉ ጨለማውን ያመጡት እርስዎ ነዎት፣ ለምን እንዳመጡትም ያውቃሉ። መልስዎ «እንደ በፊቱ አያምርም» ብቻ ከሆነ ግን ፊልተሩ ገና ሥራ አልሠራም።

ፊልተር ስጫን ፎቶው ላይ በትክክል ምን ይደረጋል?

ዲጂታል ፎቶ የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ በጄፔግ (በተለመደው የተጨመቀ የፎቶ ፋይል) እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። ፊልተር ደግሞ «ይህ ቀለም ሲመጣ በዚህኛው ተካው» የሚል የመለወጫ ሠንጠረዥ ነው። በሙያው ሉት ይባላል። የተለመደው መጠን 33 በ33 በ33 ሲሆን 35,937 የቀለም ነጥቦች ይይዛል፤ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ፕሮግራሙ ራሱ አስልቶ ይሞላዋል። ከዚያ በላይ ጠርዝ ማጥቆር፣ የፊልም ቅንጣት የሚመስል ነጠብጣብ ወይም ማለስለስ ይታከላል።

ለምሳሌ «የደበዘዘ» ወይም «የድሮ» የሚመስለው ፊልተር ዋናው ሥራው ጥቁሩን ማንሳት ነው፤ 0 የነበረውን ወደ 25 ወይም 30 ይወስደዋል። ድፍን ጥቁር የሚባል ነገር ስለማይቀር ፎቶው ፀሐይ እንደመታው ወረቀት ይሆናል። «ሞቅ ያለ» የሚባለው ቀዩን ከፍ፣ ሰማያዊውን ዝቅ ያደርጋል።

ልብ ማለት የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። ሠንጠረዡ ፎቶው ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። ብርቱካንማ የሆነ ሁሉ ለእሱ አንድ ነው፦ የሰው ፊት፣ የሸክላ ድስት፣ የቀይ አፈር መንገድ፣ የእንጨት በር። ፊቱ ይድመቅ፣ አፈሩ ይርጋ ብሎ መለየት የሚችለው ሰው ነው። የፈጠራው ክፍል የሚጀምረውም ከዚህ መለየት ነው።

በፊልም ጊዜ ፎቶ እንደተነሳ ነበር የሚቀረው፤ ማስዋብ የመጣው ከስልክ ጋር አይደለም?

አይደለም። በ1850ዎቹ የነበረው የፎቶ ኬሚካል ለሰማያዊ ብርሃን ከመጠን በላይ ስስ ስለነበር ባሕሩ በደንብ ሲወጣ ሰማዩ ባዶ ነጭ ይሆን ነበር። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ ሰማዩን በአንድ ኔጋቲቭ (ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ በሚወጣበት ማተሚያ ምስል)፣ ባሕሩን በሌላ አንስቶ በአንድ ወረቀት ላይ ያትማቸው ነበር። በ1857 ኦስካር ሬይላንደር ከ30 በላይ ኔጋቲቮችን አጋጥሞ አንድ ትልቅ ሥዕል መሰል ፎቶ ሠራ። «ይህ ፎቶ ነው ወይስ ማጭበርበር?» የሚለው ክርክርም ያኔውኑ ተነሳ።

ፊልተር የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከሌንስ ፊት ከሚደረግ ባለቀለም መስታወት ነው። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ ሚያዝያ 10 ቀን 1927 በአሜሪካው የዮሰሚቲ ፓርክ ሃፍ ዶም የተባለውን ቋጥኝ ሲያነሳ የቀሩት ሁለት የመስታወት ፕሌቶች ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያውን በቢጫ ፊልተር አነሳ። ወዲያው ግን ሰማዩ የዋህ፣ ቋጥኙም ተራ ሆኖ እንደሚወጣ ገባው። በመጨረሻው ፕሌት ላይ ጥልቅ ቀይ ፊልተር አደረገ። ቀይ መስታወት ሰማያዊ ብርሃንን ስለሚያግድ ሰማዩ ወደ ጥቁር ተጠግቶ ወጣ፣ ቋጥኙም ከጨለማው ውስጥ ብቅ አለ። በዓይን የታየው ሰማይ እንደዚያ አልነበረም፤ እሱ የፈለገው የተሰማውን ነበር። ፊልተሩ ከሱቅ የተገዛ፣ ማንም ሊኖረው የሚችል መስታወት ነው። ጥበቡ ያለው ከሁለቱ ፕሌቶች መካከል ባለው ሐሳብ ላይ ነው።

የስልክ ፊልተሮችም አብዛኞቹ የፊልም ዘመን ልጆች ናቸው። ሂፕስታማቲክ የተባለው የስልክ ካሜራ አፕሊኬሽን በ2009፣ ኢንስታግራም ጥቅምት 6 ቀን 2010 ሲወጡ የርካሽ ካሜራንና የአሮጌ ፊልምን መልክ ይዘው ነው የመጡት። ኤክስ-ፕሮ 2 የተባለው የኢንስታግራም ፊልተር ስሙን ያገኘው የስላይድ ፊልምን ለሌላ ፊልም በተሠራ ኬሚካል ከማጠብ ልማድ ነው፤ ያ አጠባ ኮንትራስቱን (የብርሃንና የጥላን ልዩነት) ያከረዋል፣ ቀለሙንም ወዳልተጠበቀ አቅጣጫ ይገፋዋል።

ፎቶን ጥቁርና ነጭ ማድረግስ?

እዚህ ላይ የውሳኔው መጠን ሰፊ ነው። ቀለሙን ዝም ብሎ ማጥፋት አንድ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ቀለም ምን ያህል ግራጫ ይሁን ብሎ መወሰን ግን ሌላ ነው። ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ጥቁርና ነጭ ከመረጡ በኋላ የቀለም ድብልቅ መቆጣጠሪያውን ይክፈቱ። ሰማያዊውን ወደ −40 ቢያወርዱት ሰማዩ እንደ አዳምስ ቀይ መስታወት ይከብዳል። ብርቱካኑን ወደ +15 ከፍ ቢያደርጉት ጠይም ፊት ከጨለማ ጀርባ ይለያል። ሰማያዊውን ከ−60 በታች ካወረዱት ግን ሰማዩ ላይ ነጠብጣብ ይፈላል፣ በተራራውና በሰማዩ ድንበር ላይም ነጭ ክር ይታያል።

ከኢንተርኔት ያገኘሁት ፊልተር በሌሎች ፎቶ ላይ ያምራል፤ በእኛ ሰውና በእኛ ልብስ ላይ ለምን ይበላሻል?

ይህ በብዛት የሚቀርብ ቅሬታ ነው፣ ምክንያቱም በደንብ ይታወቃል። ችግሩ ከፊልም ዘመን የመጣ ነው፤ ኮዳክ የቀለም ኅትመት ማስተካከያ አድርጎ ለላቦራቶሪዎች ይልካቸው የነበሩት «ሸርሊ ካርድ» የተባሉ ፎቶዎች ለረጅም ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶ ነበሩ። ዛሬም ብዙ ፕሪሴት (እንደ ፊልተር የሚጫን፣ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ቅንብር) የሚሠራው በቀላ ቆዳ ላይ እየተሞከረ ነው።

በቆዳ እንጀምር። የሰው ቆዳ፣ ጥቁርም ሆነ ቀይ፣ በቀለም ክበብ ላይ የሚያርፈው ብርቱካን አካባቢ ነው። የአውሮፓ የጉዞ ፎቶ ፕሪሴቶች ብዙውን ጊዜ የብርቱካኑን ሳቹሬሽን (የቀለሙን ድምቀት) በ20 ወይም በ30 ቀንሰው ሉሚናንሱን (የቀለሙን ብሩህነት) ከፍ ያደርጋሉ፤ ፀሐይ ያቀላው ፊት እንዲረጋ ነው። ያው ቅንብር ጠይም ፊት ላይ ሲያርፍ ቀለሙ ይወጣና ፊቱ አመድ የነካው ይመስላል። ጥቁሩን የሚያነሳ ፊልተር ከተጨመረበት ደግሞ በአገጭ ሥርና በዓይን ዙሪያ ያለው ጥላ ይጠፋል። ለፊት ቅርጽ የሚሰጠው ያ ጥላ ስለሆነ ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል።

ቀጥሎ ልብስ። ነጠላን ቀረብ ብለው ይዩት። ነጩ ድፍን ነጭ አይደለም። ክሩ ከክሩ ጋር የሚተላለፍበት ቀዳዳ፣ እጥፋቱ ላይ ያለው ቀጭን ግራጫ ጥላ፣ ትከሻ ላይ ድርብ ሲሆን የሚጨምረው ክብደት አለ። ጨርቁ ጨርቅ የሚሆነው በዚህ ሁሉ ነው። እኩለ ቀን ላይ፣ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ፣ የስልክ ካሜራ ፊቱን ለማብራት ሲል ነጠላውን 255 ላይ ያደርሰዋል። 255 ላይ የደረሰ ነጭ ውስጥ መረጃ የለም፤ ከዚያ በኋላ ማንም ፊልተር አይመልሰውም፤ ሃይላይቱን (የብሩህ ክፍሎችን መቆጣጠሪያ) ቢያወርዱት ክሩ አይመጣም፣ ግራጫ ጠፍጣፋ ወረቀት ነው የሚሆነው። ጠርዙ ላይ ያለው ጥበብ ደግሞ በተቃራኒው ይጎዳል። ደማቅ ቀይና አረንጓዴው ከመነሻው ጠንካራ ስለሆነ፣ ሳቹሬሽን የሚጨምር ፊልተር ሲጫንበት የቀዩ ቁጥር ጣሪያ ይነካና የጥልፉ መስመሮች ተዋሕደው አንድ ቀይ ሪባን ይሆናሉ። በሥነ ጥበብ ስም የሸማኔውን ጥበብ ማጥፋት ያሳዝናል።

መፍትሔው ከማንሳቱ ይጀምራል። ስልኩ ላይ ነጠላውን በጣት ይጫኑ፣ የፀሐይ ምልክቷን ትንሽ ወደ ታች ይሳቡ፤ የኤክስፖዠር (የብርሃን መጠን) ቁጥር የሚያሳይ ካሜራ ከሆነ −0.7 ይበቃል። ፊቱ ትንሽ ይጨልማል፤ ያን በኋላ በከፊል ማብራት ይቻላል። በኤዲት ጊዜ የነጠላው ብሩህ ክፍል ከ235 እስከ 245 መካከል እንዲያርፍ ያድርጉ። ሰዓት መምረጥ ከተቻለ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ ያለው ብርሃን ከየትኛውም ፊልተር ይሻላል።

በመስከረም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «ኮስተር ያለ» መልክ የሚሰጡት ፕሪሴቶች ቢጫውንና አረንጓዴውን ወደ ቡናማ ይገፋሉ። አደይ አበባ በሞላበት ሜዳ ላይ ሲጫኑ ሜዳው የታኅሣሥ ገለባ ይሆናል።

የራሴን ፊልተር መሥራት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ላይትሩም ሞባይል ወይም ስናፕሲድ የተባለው የስልክ አፕሊኬሽን ይበቃል፤ ሁለቱም ላይ የሠሩትን ቅንብር አስቀምጦ ሌላ ፎቶ ላይ መጠቀም ይቻላል። ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው፤ ብዙ ሰው ከቀለም ስለሚጀምር ነው የሚምታታበት።

1. ስልክዎ ከፈቀደ በራው (ካሜራው የያዘውን ብርሃን ሳያስተካክል በሚያስቀምጥ ፋይል) ያንሱ። ጄፔግ በአንድ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲኖረው ባለ12 ቢት ራው 4,096፣ ባለ14 ቢት 16,384 ደረጃ አለው። ኤዲት ሲደረግ የሚለጠጠው ይህ ነው።
2. ዋይት ባላንሱን (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን መቆጣጠሪያ) ያስተካክሉ። ጥላ ውስጥ ያለ ነጭ ጨርቅ ወይም ግራጫ ግድግዳ ላይ የመምረጫውን ጠብታ ያሳርፉ። ቡና ሲፈላ በአምፖል ብርሃን የተነሳ ከሆነ ቢጫውን ሙሉ በሙሉ አያጥፉት፤ ግማሹን ይተዉት፤ የቤቱ ሙቀት እሱ ነው።
3. ብርሃኑን በፊቱ ይለኩ። ለጠይም ፊት ብርሃን ያረፈበት ጎን ከ0 እስከ 255 ባለው መለኪያ ከ110 እስከ 160 ቢያርፍ ተፈጥሯዊ ይመስላል።
4. ከዚህ በኋላ ነው ከርቩ፤ ከግራ ጥቁር ወደ ቀኝ ነጭ ብርሃኑን የሚቆጣጠረው መስመር ማለት ነው። የደበዘዘ መልክ ከፈለጉ የግራውን ጫፍ ከ0 ወደ 10 ወይም 12 ብቻ ያንሱት። ከ30 ካለፈ ጥቁር ፀጉር ግራጫ ይሆናል።
5. ቀለሙን አንድ በአንድ ይንኩ። የብርቱካን ሳቹሬሽን ከ−5 በታች አይውረድ፤ ሉሚናንሱ ከ0 እስከ +5 ይበቃል። ቀዩን −10 ቢያደርጉት ጥልፉ ይተነፍሳል። አረንጓዴውን እንደፈለጉ መጫወት ይቻላል፤ ዓይን በቅጠል ላይ ይቅር ይላል፣ በፊት ላይ ግን አይልም።
6. ፕሪሴቱን ሲያስቀምጡ ኤክስፖዠርንና ዋይት ባላንስን ምልክት አያድርጉባቸው። እነሱ የዚያች ፎቶ ጉዳይ ናቸው፤ አብረው ከተቀመጡ የሚቀጥለውን ፎቶ ያበላሻሉ።
7. በ10 ፎቶ ይሞክሩት፦ የጠዋት ፀሐይ፣ እኩለ ቀን፣ ጥላ፣ አምፖል፣ ጥቁር ፊት፣ ቀይ ፊት፣ ነጭ ልብስ፣ አረንጓዴ ሜዳ፣ ደመና፣ ማታ። ሦስቱ ላይ ከተበላሸ ከርቩ ከብዷል ማለት ነው፤ ወደ ቁጥር 4 ይመለሱ።

እዚህ የደረሰ ሰው ፊልተር ሠሪ ሆኗል። ፊልተር መሥራት በራሱ ትልቅ የእጅ ሙያ ነው፤ እንደ ሸክላ ሠሪ ወይም እንደ ቀለም ቀማሚ ሊከበር የሚገባው ነው።

ገዝቼ የተጠቀምኩበት ፕሪሴትስ?

እንደ ገዙት ቀለም ይቁጠሩት። ሠዓሊም ቀለሙን በቱቦ ከሱቅ ይገዛል። ጥንካሬውን ከ100 ወደ 40 ወይም 50 አውርደው ከላይ ያሉትን የብርቱካንና የቀይ ማስተካከያዎች ካደረጉበት ለእርስዎ ፎቶ መሥራት ይጀምራል።

ፊት የሚያነጣና የሚያቀጥን ፊልተር በዚሁ ይካተታል?

እነዚህን ለይተን ነው የምናያቸው። የቀለም ሠንጠረዥ ብቻ አይደሉም፤ ፕሮግራሙ ፊትን ፈልጎ አፍንጫን ያጠባል፣ ዓይንን ያሰፋል፣ የቆዳን ቀዳዳ ያለሰልሳል፣ ቆዳን ያቀላል። አብዛኞቹ አፕሊኬሽኖች ላይ «ማሳመር» ማለት ማንጣት ነው። ለሠርግም ሆነ ለመታወሻ ፎቶ ሲሠራ ባለጉዳዩ ሳይጠየቅ ቀለሙ እንዲቀላ መደረጉ ትክክል አይደለም ብለን እናምናለን። ሰውየው በልጅ ልጆቹ የሚታወሰው በዚያ ፊት ነው። ብጉርን ማጥፋት ይቻላል፣ በሁለት ሳምንት የሚጠፋ ነገር ነው፤ ጠባሳን፣ ንቅሳትንና የፊት ቀለምን ግን ጠይቆ ካልሆነ አለመንካት ይሻላል። ንቅሳት በተለይ በማለስለሻ ይደበዝዛል፤ የእናቶች አንገትና ግንባር ላይ ያለውን ንቅሳት ለማዳን ማለስለሻውን በጣት እየቀቡ ጉንጭ ላይ ብቻ ይጠቀሙ።

የአይዳ ሙሉነህ ፎቶዎች ላይ ያሉት ደማቅ ቀለሞች ፊልተር ናቸው?

ይህ ጥያቄ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። የአዲስ ፎቶ ፌስት (የፎቶ ፌስቲቫል) መሥራች የሆኑት ኢትዮጵያዊቷ ፎቶ አንሺ አይዳ ሙሉነህ የሚታወቁበት ድፍን ቀይ፣ ሰማያዊና ነጭ በዋናነት የተሠራው ከካሜራው ፊት ነው፤ የሞዴሏ ገላ በቀለም ይቀባል፣ ልብሱ ተመርጦ ይሰፋል፣ ጀርባው ይዘጋጃል። በ2018 ለዎተርኤይድ (በውኃ ላይ ለሚሠራ የእርዳታ ድርጅት) ስለ ውኃ በሠሩት ሥራ ደግሞ አፋር ድረስ ወርደው በዳሎል አካባቢ ነው ያነሱት። የመሬቱ ነጭና ቢጫ ራሱ የሥዕሉ አካል ሆነ።

ከዚህ የሚወሰድ ጠቃሚ ነገር አለ። ቀለሙን ከማንሳት በፊት የወሰነ ሰው በኤዲት ጊዜ የሚቀረው ትንሽ ነው። ቀይ ፎቶ ከፈለጉ ቀይ ግድግዳ ይፈልጉ። ባለቀለም ጨርቅ ከመርካቶ ገዝቶ ከመስኮት አጠገብ መስቀል፣ ነጩን ግድግዳ በፊልተር ቀይ ለማድረግ ከመታገል በብዙ ይበልጣል፤ ጨርቁ ቀይ ብርሃኑን ጉንጭ ላይ ይረጫል፣ ፊልተር ግን ያን አያደርግም።

ለዜና ፎቶ ፊልተር ይፈቀዳል?

የጥበብና የዜና ሚዛን የሚለያየው እዚህ ነው። በ2010 የዎርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር ላይ አንድ አሸናፊ ሽልማቱን ተነጠቀ። ፎቶውን ከቀለም ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጦታል፣ በጣም ቆርጦታል፣ ጠርዙን አጥቁሮታል። ያስነጠቀው ግን ይህ አልነበረም፤ ከበስተጀርባ የነበረ ሰው የእግር ጫፍ መጥፋቱ ነበር። ዳኞቹ መልክን ከይዘት ለይተው አዩት። በ2015 ደግሞ ወደ መጨረሻው ዙር ከተጠጉት ፎቶዎች 20 በመቶ ያህሉ ከዋናው ፋይል ጋር ሲመሳከሩ ከልክ ባለፈ ኤዲት ምክንያት ከውድድሩ ወጡ። ጥላን እስከ ድፍን ጥቁር አውርዶ በውስጡ ያለውን ነገር መሰወርም እንደ ማጥፋት ይቆጠራል።

በሌላ በኩል የኒውዮርክ ታይምሱ ዴመን ዊንተር በአፍጋኒስታን ወታደሮችን በአይፎንና በሂፕስታማቲክ አንስቶ በ2011 ዓለም አቀፍ የፎቶ ጋዜጠኝነት ውድድር ላይ ሦስተኛ ሲወጣ ብዙ ክርክር ተነስቷል። የኛ አቋም ጠንከር ያለ ነው፦ ለዜና የሚሄድ ፎቶ ላይ ዝግጁ ፊልተር አይጫን። ብርሃን ማስተካከል፣ ዋይት ባላንስ፣ መጠነኛ ቁረጣ ይበቃል። የደም ወይም የእሳት ቀለም ከተጋነነ አንባቢው የሚያየው ክስተቱን መሆኑ ቀርቶ ስሜቱን የሚመራውን ሰው እጅ ይሆናል።

የሌላ ሰው ፎቶ ላይ ፊልተር ብጨምርበት የኔ ሥራ ይሆናል?

አይሆንም። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ሥራን ይጠብቃል፤ ጥበቃው ሥራው ከተሠራበት ጊዜ አንስቶ 25 ዓመት ነው። አዋጁ ፎቶው የስብስብ አካል መሆኑን፣ በመጽሐፍ መታተሙን ወይም የባለቤቱን ወይም የወኪሉን ምልክት ወይም አድራሻ መያዙን ስለሚጠቅስ፣ ፎቶዎ ላይ ምልክትዎን ማስቀመጥ ልማድዎ ይሁን። ጥግ ላይ ያለ ምልክት ይቆረጣል፤ ከጠርዙ በስፋቱ አንድ አሥረኛ ያህል ገባ አድርገው ያስቀምጡት።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን የግንቦት 2023 ውሳኔ ማወቅ ይጠቅማል። ሊን ጎልድስሚዝ በ1981 ሙዚቀኛውን ፕሪንስን አንስታ ነበር፤ አንዲ ዋርሆል ያን ፎቶ መነሻ አድርጎ ባለቀለም ሥዕሎችን ሠራ። ከዓመታት በኋላ የዋርሆል ፋውንዴሽን አንዱን ለመጽሔት ሲያከራይ ክርክር ተነሳና ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 ለፎቶ አንሺዋ ፈረደ፤ ሥዕሉ ያገለገለው ፎቶው ለሚያገለግልበት ለዚያው ዓላማ፣ ያውም በገንዘብ ነው በማለት። የዋርሆል እጅ ይህን ካላስቀረ፣ በስልክ የተጫነ ፊልተር አያስቀርም።

ፎቶን ወደ ዘይት ቀለም ሥዕል የሚቀይሩት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፊልተሮችስ?

በታኅሣሥ 2023 የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ የወሰነበት ጉዳይ ነገሩን ጥርት አድርጎ ያሳያል። አንኪት ሳኒ የተባሉ ሕንዳዊ የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ አንስተው፣ የቫን ጎግን የከዋክብት ሌሊት ሥዕል እንደ አሣሣል ናሙና ሰጥተው፣ ናሙናው ምን ያህል ይበርታ የሚለውን በአንድ ቁጥር ወስነው ለፕሮግራሙ ሰጡ። ፕሮግራሙ ሠራ። ቢሮው ውጤቱን በስማቸው ለመመዝገብ አልፈቀደም፤ መስመሩና ቀለሙ የት እንደሚያርፍ የወሰነው ፕሮግራሙ ነው ብሎ። ሁለት ምስልና አንድ ቁጥር መስጠት አልበቃም ማለት ነው። የፊልተር ማንሸራተቻንም 70 ላይ ማቆም አንድ ቁጥር መስጠት ነው።

ውጤቱ ላይ በእጅ ከሠሩበት፣ ለምሳሌ አትመው በአክሪሊክ ከቀቡበት ወይም ክፍል በክፍል ከራስዎ ፎቶ ጋር ካዋሐዱት፣ ያ የጨመሩት ክፍል የእርስዎ ነው።

ስልክ ላይ የሚያምር ፎቶ ሲታተም ለምን ይበላሻል?

በሦስት ምክንያት። አንደኛ መጠን። ከኢንስታግራም የወረደ ፎቶ ስፋቱ ብዙውን ጊዜ 1,080 ፒክስል ነው፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ለማተም 3,543 በ4,724 ፒክስል ያስፈልጋል። ወደ ማተሚያ ቤት በቴሌግራም ሲልኩ በፎቶነት ከላኩት ይጨመቃል፤ «ፋይል» ብለው ይላኩት።

ሁለተኛ ሰማዩ ላይ የሚወጣው ደረጃ ደረጃ መስመር። ጄፔግ ላይ ሰማዩ 40 ያህል የሰማያዊ ደረጃዎች ብቻ ኖረውት ፊልተሩ እስከ 100 ከለጠጠው መካከሉ ባዶ ይቀራል፣ ባዶው እንደ እርከን ይታያል። ከራው ተነስቶ በ16 ቢት ቲፍ (ብዙ የቀለም ደረጃ በሚይዝ የፎቶ ፋይል) ማስቀመጥ ይከላከለዋል።

ሦስተኛ ብሩህነት። ስክሪን ብርሃን ያመነጫል፣ ወረቀት ያንጸባርቃል። ኤዲት ሲያደርጉ የስልኩን ብሩህነት ወደ ግማሽ ያውርዱት፤ ከዚያም ሙሉውን ከማሳተም በፊት አንድ 10 በ15 ናሙና ያሳትሙና በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ይዩት። ፊቱ ከጨለመ ኤክስፖዠሩን በ+0.3 ከፍ አድርገው ሌላ ናሙና ያሳትሙ።

ፊልተር መጠቀሜን መናገር አለብኝ?

ለጥበብ ሥራ ግዴታ የለም፤ አዳምስም ከፎቶው ሥር «በቀይ መስታወት» ብሎ አልጻፈም፣ ሲጠየቅ ግን ሳይደብቅ ያስረዳ ነበር። ለውድድር ሲሆን ደንቡን ያንብቡ፤ ዋናውን ፋይል የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ያልተነካውን ፋይል አይሰርዙ። በአንድ ማኅደር ያልተነካውን፣ በሌላው ኤዲት የተደረገውን ያስቀምጡ፤ በፋይሉ ስም ላይም ቀኑንና የተጠቀሙበትን ፕሪሴት ይጻፉ። የሰውን ታሪክ ወይም የቦታን እውነት ለመመስከር የቀረበ ፎቶ ከሆነ ግን ከሥሩ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ «ቀለሙ ተስተካክሏል፤ የተጨመረም የጠፋም ነገር የለም።» ይህን ጽፈው ሊፈርሙበት የማይችሉ ከሆነ ፎቶውን ለምስክርነት አያቅርቡት።